ግልጽ ደብዳቤ፦ አምቡላንስ እስኪደርስ ያሉት ደቂቃዎች የማን ናቸው?

ለትምህርት፣ ለትራንስፖርት፣ ለሥራ ደህንነትና ለጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፤
ሰው የሚበዛበት ሕንፃ ለምታስተዳድሩ ሁሉ፤

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ አሰልጣኝ ነኝ። የምጠይቃችሁ ነገር ቀላል ነው። በእናንተ ሥር ያሉ ሰዎች ለሕይወት የሚያሰጋ የደም መፍሰስን በእጃቸው ማቆም እንዲለማመዱ ሁለት ሰዓት ስጧቸው። በየዓመቱ ደግሞ ለክለሳ አንድ ሰዓት ጨምሩላቸው። ፖስተር ለጥፉ እያልኩ አይደለም። በቴሌቪዥን መልእክት አስተላልፉም አላልኩም። ሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ጨርቅ ይዞ፣ ላብ እስኪያጠምቀው የሚለማመድበትን ጊዜ ነው የምለምነው።

ለምን እንደሆነ ከሂሳቡ ልጀምር።

አንድ አዋቂ ሰው ያለው ደም ወደ 5 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 2 ሊትር ያህሉ ከፈሰሰ ነፍሱ አደጋ ላይ ነች። ልብ ደግሞ ሰው አርፎ በተቀመጠበት እንኳ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ደም ይገፋል። እንግዲህ የጭን ትልቁ ደም ቅዳ የተቆረጠበት ሰው ስንት ጊዜ እንዳለው አስቡት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። የልጅ ነገር ደግሞ ይብሳል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጠቅላላ ደሙ አንድ ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። በአዋቂ ላይ «ትንሽ ነው» ብለን የምናልፈው መጠን ለእሱ ትንሽ አይደለም።

አሁን አምቡላንሱን እንይ። አንድ ሰው ደንግጦ ስልኩን ይፈልጋል። ይደውላል። የት እንዳለ ይጠየቃል፣ ያስረዳል፣ እንደገና ይጠየቃል። መኪናው ይነሳል። አገልግሎቱ በደንብ በተደራጀበት ቦታ እንኳ በ8 ደቂቃ መድረስ እንደ ጥሩ ውጤት ነው የሚቆጠረው። የአምቡላንስ ሠራተኞችን መውቀሴ አይደለም። መብረር አይችሉም። ቢችሉ እንኳ አንዳንዱ ቁስል አይጠብቃቸውም። በእነዚያ ደቂቃዎች አጠገቡ ያለው አስተማሪው ነው፣ የሥራ ባልደረባው ነው፣ ሾፌሩ ነው፣ ወይ በአጋጣሚ ያለፈ መንገደኛ ነው። ሐኪም የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 4.4 ሚሊዮን ሰው በአካል ጉዳት ይሞታል። በትራፊክ አደጋ ብቻ የሚሞተው ወደ 1.19 ሚሊዮን ይጠጋል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው ገዳይ ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። በእርግጥ ይህ ሁሉ ሞት ደም በመፍሰስ የመጣ አይደለም። የተጎዳ አንጎልን መንገደኛ በእጁ ሊያድነው አይችልም። ከተቆረጠ ክንድና ጭን የሚፈሰውን ደም ግን ማቆም ይቻላል። (በወሊድ ጊዜ ስለሚያጋጥም የደም መፍሰስ እዚህ አላነሳም። እሱ የራሱ ሙያ፣ የራሱ መድኃኒትና የራሱ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።)

ይህን ትምህርት ዓለም በውድ ዋጋ ነው የተማረው። አሳዛኝ ነው፣ ግን ብዙው እውቀት የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። ከ2001 እስከ 2011 (እዚህ ደብዳቤ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች የሞቱ ከ4,500 በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን አሟሟት ሐኪሞች አንድ በአንድ መርምረው ነበር። ከመቶ 87ቱ የሞቱት ሕክምና ጣቢያ ሳይደርሱ ነው። ከእነዚህ መካከል ወደ ሩብ የሚጠጉት ሊተርፉ ይችሉ ነበር ተባለ። ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት ደግሞ ከአስሩ ዘጠኙን የገደላቸው የደም መፍሰስ ነው። ሆስፒታሉ ምንም ያህል ቢዘምን እዚያ ላልደረሰ ሰው ምን ያደርግለታል?

ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ አጥብቀን የምናስረው፣ ቱርኒኬት የሚባለው ማሰሪያ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዣን ሉዊ ፔቲ በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ የሠራው በ1718 ነው። ግን ለረጅም ጊዜ ሲፈራ ኖረ። «እግር ያስቆርጣል፣ የመጨረሻ አማራጭ ነው» ተብሎ ይነገር ነበር። ዛሬም እንዲህ ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ባግዳድ በነበረ የጦር ሆስፒታል የተሠራና በ2009 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ሰውየው ደሙ አልቆ ሰውነቱ መክዳት ከመጀመሩ በፊት፣ ማለትም ሾክ ውስጥ ሳይገባ ማሰሪያ ከተደረገለት፣ ከአስር ዘጠኙ ተረፉ። ሾክ ውስጥ ከገቡ በኋላ የታሰረላቸው ግን ከአስር አንዱ ብቻ ናቸው የተረፉት። በማሰሪያው ምክንያት ብቻ እጅ ወይም እግሩን ያጣ ሰውም በዚያ ጥናት አልተገኘም። መሣሪያው ያው ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። «የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው ምክር ሰውን ከመጀመሪያው ቡድን አውጥቶ ወደ ሁለተኛው ይጨምረዋል።

ይህ እውቀት ወደ ሲቪሉ ሕይወት የተሻገረውም በሐዘን በኩል ነው። በታኅሣሥ 2012 በአሜሪካ ሳንዲ ሁክ በተባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች በጥይት ተገደሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሚያዝያ 2013፣ ሌንዎርዝ ጄከብስ የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሙያ ባልደረቦቻቸውን እዚያው አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ላይ ሰበሰቡ። እዚያ የተጀመረው ሐሳብ እያደገ ሄዶ «ሕዝቡ ራሱ ደም ማቆም ይማር» ወደሚል አቋም ደረሰ። ስብሰባው በተደረገ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የማራቶን ሩጫ ላይ የቦምብ ፍንዳታ ደረሰ። 3 ሰዎች እዚያው ሞቱ፣ ከ260 በላይ ቆሰሉ። መንገደኞች ባገኙት ነገር ሁሉ እየተጫኑና እያሰሩ ረዱ። በ2015 ደግሞ ሕዝቡን የማሠልጠኑ ዘመቻ በይፋ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች ሚሊዮኖች ሠልጥነዋል።

ሥልጠናው ምንድነው ለምትሉኝ፣ ወረቀት ላይ ሲታይ ያጠረ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ደም አደገኛ እንደሆነ መለየት። ጣቱን ቢላ የቆረጠው ሁሉ አይሞትም። እየተፈናጠረ የሚወጣ ደም፣ መሬት ላይ የሚጠራቀም ደም፣ ልብስን ወይም የታሰረን ፋሻ አልፎ የሚረጥብ ደም፣ የተቆረጠ እጅ ወይም እግር፣ ወይም ደሞ ደም የፈሰሰው ሰው መቀባዠርና መፍዘዝ ሲጀምር፣ ያኔ ነው ነገሩ። ጥቁር ልብስ ደም ይደብቃል። ወፍራም ልብስም እንደዚሁ። ስለዚህ ልብሱን ቀዳችሁ ወይም ቆርጣችሁ ቁስሉን በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ። ሰው አይቶት እንዳይደነግጥ ብለው ጃኬት አልብሰው የሚያስቀምጡ አሉ። ደጎች ናቸው፣ ግን ጊዜ እየገደሉ ነው።

ቀጥሎ መጫን ነው። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ (የቁስል ሻሽ) ቁስሉ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጅ፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ፣ በሰውነት ክብደት መጫን። ተጎጂው ደረቅ መሬት ላይ መተኛት አለበት። ፍራሽ ላይ ከሆነ ግፊቱን ፍራሹ ይውጠዋል። ከተጫናችሁ በኋላ «ቆመ ወይ?» ብላችሁ በየሰከንዱ ጨርቁን እያነሳችሁ አትዩ። ሊረጋ የነበረውን ደም ትቀሰቅሱታላችሁ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው። ማየት ያጓጓል።

ቁስሉ ጥልቅ ሆኖ ብሽሽት፣ ብብት ወይም አንገት ሥር ከሆነ ማሰሪያ የሚገባበት ቦታ የለም። እዚህ ላይ ጨርቁን ወይም ጎዙን በጣት እየገፉ ወደ ቁስሉ ውስጥ መጠቅጠቅና ከላይ መጫን ያስፈልጋል። አዎ፣ ውስጥ ድረስ። ሰልጣኞቼ ፊታቸውን የሚያጨማድዱት እዚህ ነው። ደረትና ሆድ ግን በዚህ መንገድ አይጠቀጠቁም። የደረትና የሆድ ውስጥ መድማት የሚቆመው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስለሆነ ያለው ዘዴ ቶሎ ማድረስ ብቻ ነው። የተሰካ ብረት ወይም እንጨት ካለም አይነቀልም። ዙሪያውን ተጭኖ እንዳይነቃነቅ አድርጎ መውሰድ ነው።

እጅና እግር ላይ ሲሆን ማሰሪያው ይመጣል። ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጉልበት ወይም ክርን ላይ ሳይሆን፣ ማሰሪያው ላይ ያለችውን ዱላ እያዞሩ ደሙ እስኪቆም ማጥበቅ። እስኪቀንስ አላልኩም፣ እስኪቆም። ላላ ብሎ የታሰረ ማሰሪያ ካለማሰር ሊብስ ይችላል፤ የሚመለሰውን ደም አግዶ የሚወጣውን ያሳልፋልና። አንዱ ካልበቃ ከእሱ ከፍ ብሎ ሁለተኛ ይጨመራል። የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ከዚያ ሐኪም እስኪያየው ድረስ አይፈታም፣ «ትንሽ ይንፈስ» ተብሎም አይላላም። ታስሮ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ቢቆይ ብዙውን ጊዜ ዘላቂ ጉዳት አያደርስም።

በመጨረሻ ተጎጂውን አልብሱት። የቀዘቀዘ ሰውነት ደሙ ቶሎ አይረጋም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ግን ብርድ ልብስ ማልበስ የደም ማቆሙ አካል ነው።

አለቀ። በሁለት ገጽ ወረቀት ይጻፋል። «ታዲያ ወረቀቱን አትመን ብንበትነውስ?» ትሉኝ ይሆናል። የመጣሁትም ለዚህ ነው።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ስታዲየም ሠራተኞችን በቡድን ከፋፍለው ፈተኗቸው። አስተማሪ ፊት ተለማምደው ከተማሩት ውስጥ ከመቶ 88ቱ ማሰሪያውን በትክክል አሰሩ። ምንም ካልተማሩት ከመቶ 16ቱ። ካርድ ብቻ ወይም በድምፅ የሚመራ መሣሪያ የተሰጣቸውስ? ከሩብ በታች ናቸው በትክክል ያሰሩት። ካልተማሩት ብዙም አልራቁም። እንግዲህ የኅትመት በጀት ልትመድቡ ካሰባችሁ ይህን ቁጥር አስቀድማችሁ እዩት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ለተማረ ሰው ማስታወሻ ነው። ላልተማረ ሰው ጌጥ ነው።

ያው ጥናት ለእኛ ለአሰልጣኞችም ደስ የማይል ነገር ነግሮናል። ተምረው በትክክል ማሰር የቻሉት ሰዎች ከ3 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ዳግም ሲፈተኑ በትክክል ያሰሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የምስክር ወረቀቱ ፍሬም ውስጥ አለ፣ እጁ ግን ረስቷል። የዓመቱን አንድ ሰዓት የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። «አሠልጥነናል» ብሎ ፋይል መዝጋት አያዋጣም።

እጅ የሚማረውን ወረቀት ለምን አያስተምርም? አንደኛ ጉልበቱ። ሰው መጀመሪያ ሲጫን የሚጠቀመው ጉልበት ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል። «አሁንም ጨምር፣ አሁንም» ሲባል ነው ልኩን የሚያውቀው። ሁለተኛ ጊዜው። ሦስት ደቂቃ ሳያቋርጡ ተጭኖ መቆየት ሲያወሩት አጭር ነው፣ ሲያደርጉት ክንድ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ደግሞ ሕመሙ ነው። በትክክል የታሰረ ማሰሪያ በጣም ያማል። ተጎጂው ይጮኻል፣ ፍቱልኝ ይላል፣ ይማጸናል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ደግ ሰው ያላላለታል። በልምምድ ላይ አንዱ ሰልጣኝ ሲጮህ ሌላው እያባበለ ማጥበቁን ሲቀጥል ካላየሁ ትምህርቱን አልጨርስም። ሳቅ ይበዛበታል፣ ግን አይረሱትም።

የት ይጀመር ለሚለው፣ ሰው በግድ የሚያልፍባቸው በሮች አሉ። እነሱ ላይ ብትቆሙ ይበቃል። ጀርመን መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ መውሰድ ግዴታው ነው፤ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሆኑ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜዎች። መኪናውም የእርዳታ ሳጥን መያዝ አለበት። ስለዚህ አዲስ ሾፌር ሁሉ ቢያንስ አንዴ እጁን አሟሽቷል ማለት ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ደግሞ በ2019 የወጣ ሕግ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የደም ማቆሚያ ዕቃ እንዲያስቀምጡና ሠራተኞቻቸውን እንዲያሠለጥኑ ያዛል። ከፍ ያለ ክፍል ተማሪዎችም መማር ይችላሉ። «ልጆችን ስለ ደም እያወራችሁ አታስፈራሯቸው» የሚለኝ ወላጅ አይጠፋም። ልጁ ግን ደም አይቶ ያውቃል። የሚያስፈራው ደሙ አይደለም፣ ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው። ማሽን የሚሠራባቸው ቦታዎችን በተመለከተ ብዙ አልልም። ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ አጠገብ ሠራተኛ አቁማችሁ ደም ማቆም ካላስተማራችሁት ምክንያታችሁን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ስለ ሳጥኑ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። ከሥልጠናው በኋላ ይምጣ እንጂ በፊት አይምጣ። ውስጡ ማሰሪያ፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ መቀስና ሰዓት መጻፊያ እስክሪብቶ ቢኖር በቂ ነው። ጌጠኛ መሆን አያስፈልገውም። ማሰሪያው ግን ትክክለኛው ይሁን። ገበያው ላይ ሲያዩት አንድ የሚመስል፣ ሲያጠብቁት ግን ዱላው የሚሰበር ርካሽ ኮፒ ሞልቷል። ገዢ ክፍላችሁ በዋጋ ብቻ ካወዳደረ አሸናፊው እሱ ነው። ደግሞ እባካችሁ አትቆልፉት። ሳጥኑ እዚህ፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ፣ ዘበኛው ምሳ ላይ። ስንት ቦታ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ! የልብ ማስነሻ መሣሪያ ያላችሁ ከእሱ አጠገብ ስቀሉት። ማን በየወሩ እንደሚያየውም በስም ይመደብ።

ሳጥን በሌለበት ምን ይደረግ? ይጫኑ። ከእጅ የሚቀድም መሣሪያ የለም። ከጨርቅና ከዱላ ማሰሪያ መሥራት ይቻላል፣ ግን ጨርቁ ቢያንስ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል፣ ዱላውም የማይሰበር። እስክሪብቶ ይሰበራል። ቀበቶ ብቻውን በደንብ አይጠብቅም። ሽቦና ገመድ ሥጋውን ይቆርጣሉ። ይህንን ሠርተው ካላዩት በስተቀር በዚያች ደቂቃ አያወጡትም።

አንድ የቀረ ፍርሃት አለ፣ እሱን ማንሳት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ሰው «ብነካው ብጠየቅስ?» ይላል። «እኔ ነካሁት፣ እሱ ሞተ፣ ከዚያስ?» ይህ ፍርሃት ከደም ፍርሃት ይበልጣል። በብዙ አገሮች በቅንነት የረዳ ሰውን የሚጠብቅ ሕግ አለ። ጀርመን ውስጥ እንዲያውም መርዳት እየቻሉ አለመርዳት በወንጀል ያስጠይቃል፣ ሲረዳ የተጎዳ ሰውም በመንግሥት የአደጋ መድን ይሸፈናል። ሕጉ ያላችሁ በግልጽ ቋንቋ ንገሩን፣ ሥልጠናውም ላይ ይነበብ። የሌላችሁ ረቂቁን ጀምሩት። ረጂው በደም በሽታ እንዳይያዝ መፍራቱም ተገቢ ነው። ጓንት ካለ ጓንት፣ ከሌለ ፕላስቲክ ከረጢት እጅ ላይ ማጥለቅ፣ ሲያልቅ በሳሙናና በውኃ መታጠብ። ይህም የሥልጠናው ክፍል ነው።

እንግዲህ የምጠብቀው መልስ ይህን ይመስላል። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የሥራ ቦታ፣ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ምረጡ። ቀን ቁረጡ። ከዚያ ሁሉም የሚቀመጡበት ወለሉ ባዶ የሆነ ክፍል አዘጋጁልን። የልምምድ ማሰሪያውን፣ ጎዙንና የልምምድ ቁስሉን እኛ እናመጣለን። ዋና ሥራ አስኪያጁና ርዕሰ መምህሩም ወለሉ ላይ ይንበረከካሉ፤ ከበር ላይ ቆሞ ማየት የለም። ከስድስት ወር በኋላ ሳንነግራቸው መጥተን ጥቂቶቹን እንፈትናለን፣ ውጤቱንም መልካም ይሁን መጥፎ ለእናንተው እናስረክባለን። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርታችሁ ይስፋ ወይ ይቅር ትላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ አሰልጣኝ